ብሩሽለስ ሞተር ትንሽ ሄዶ ይቆማል፤ ኮሚውቴሽኑ ላይ ምን ተሳስቻለሁ?

በር ቀራጭ (አዳማ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ከአጎቴ ጋር የእንጨት ሥራ ቤት አለን። በብዛት የምንሠራው ሐረግና አበባ የተቀረጸበት የዋንዛ በር ነው። አጎቴ ድሮ በመሮ ይቀርጸው የነበረውን አሁን ሦስት አክሲስ (የእንቅስቃሴ አቅጣጫ) ያለው ሲኤንሲ፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚመራ ማሽን ይቀርጽልናል። እርሱ ማጋጠሙንና ማለስለሱን ይዟል፤ ማሽኑ የእኔ ኃላፊነት ነው። በቴክኒክና ሙያ ኤሌክትሪክ ስለተማርሁ ባለ ካርቦን ሞተርና ተራውን ሦስት ፌዝ ሞተር ፈትቶ መግጠም አያስቸግረኝም። ብሩሽለስ (ካርቦን የሌለው) ሰርቮ ሞተር ከባዶ ሳስተካክል ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ባለፈው ወር የዋይ አክሲሱ ሞተር ተቃጠለ። አዲስ መግዛት ከአቅማችን በላይ ስለሆነ መርካቶ ሄጄ ያገለገለ አገኘሁ። የዘንጉ ውፍረትና የብሎኖቹ ቀዳዳ ከድሮው ጋር ይገጥማል፤ የሚሠራበት ቮልቴጅም ለሞተሩ ከረንት ከሚሰጠው ከድራይቩ ጋር ይስማማል። ከጽሑፉ ግማሹ ተፍቋል። የሚነበበው 8 ፖል፣ 4.2 አምፔር የሚለውና የዘንጉን መዞር የሚቆጥረው ኢንኮደር ላይ ያለው 2500 ነው። ሦስቱ ወፍራም ሽቦዎች ዩ፣ ቪ፣ ደብሊው የሚል ምልክት አላቸው። ከእነርሱ ሌላ አምስት ቀጫጭን ሽቦዎች ይወጣሉ፤ ምን እንደሆኑ ስላላወቅሁ ጫፋቸውን በናስትሮ ጠቅልዬ ትቻቸዋለሁ።

ኮሚውቴሽኑን፣ ማለትም ከረንቱን ከጥቅል ወደ ጥቅል ማሸጋገሩን፣ የሚያሰላው ሞሽን ኮንትሮለሩ (መቆጣጠሪያው) ራሱ ነው። የሞላሁት እንዲህ ነው፦ በአንድ ዙር 10000 የኢንኮደር ቆጠራ፣ ማለትም 2500 በ4 ተባዝቶ። ይህን አረጋግጫለሁ፤ ዘንጉ ላይ በነጭ ቀለም ምልክት አድርጌ አንድ ዙር በእጄ ሳዞረው ስክሪኑ ላይ 10000 አካባቢ ይመጣል። ፖል ለሚለው ሳጥን 8። ኮሚውቴሽኑ በሳይን። ማሽኑ ሲነሣ ዜሮውን፣ ማለትም የሮተሩን (የሚዞረውን ክፍል) መነሻ ቦታ፣ የሚፈልገው ከረንት ልኮ ሮተሩን በመያዝ ነው፤ ለዚህ 2 አምፔር ሰጥቼዋለሁ።

አሁን ወደ ችግሩ ልምጣ። ሳስነሣው ሞተሩ እንጣጥ ብሎ ይይዛል፤ እስከዚህ ደህና ነው። ከዚያ ወደ ፊት 10 ሚሊሜትር ሂድ ስለው ትንሽ ይሄድና ይቆማል፤ እያጓራ ከረንቱ ይወጣል፣ ድራይቩም የከረንት ብዛት ብሎ ይዘጋል። ስክሪኑ ላይ የሚቆምበት ቁጥር ሁልጊዜ 610 አካባቢ ነው። እዚያው ሳለ ሳይዘጋ ቶሎ ወደ ኋላ ሂድ ስለው ዜሮን አልፎ 605 ያህል ወደ ታች ይወርድና እዚያም ይቆማል። የሞተሩን ዙር ወደ ቀጥታ ጉዞ የሚለውጠው ቦል ስክር በአንድ ዙር 5 ሚሊሜትር ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ጠቅላላ እንቅስቃሴው ከአንድ ሚሊሜትር በታች ነው።

ሞተሩ ተበላሽቶ ነው የተሸጠልኝ? ወይስ የሞላሁት ነው የተሳሳተው? ሁለት በር የታዘዘበት ቀን እየደረሰ ነውና ብታግዙኝ።


ፈጣን ሽቦ (ሞጆ)

እህቴ፣ ይህ የፌዝ ቅደም ተከተል ችግር ነው። ከሦስቱ ወፍራም ሽቦዎች ሁለቱን አቀያይሪ፤ ለምሳሌ ቪንና ደብሊውን። እኔ ሁለት ማሽን ላይ በዚሁ መንገድ አስተካክያለሁ። ካልሆነ ሌላ ጥንድ ሞክሪ፤ ያሉት ስድስት አማራጮች ብቻ ናቸው።


በር ቀራጭ (አዳማ)

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ቪንና ደብሊውን አቀያይሬ ደግሜ አስነሣሁት። ባሰበት። አሁን የሚቆመው 200 አካባቢ ነው፤ ወደ ኋላም እንደዚሁ። ሌሎቹን አማራጮች ከመሞከሬ በፊት ትንሽ ልጠብቅ ብዬ አጥፍቼዋለሁ፤ ሞተሩ መሞቅ ጀምሯል።


የስፌት ማሽን ጠጋኝ (ሐዋሳ)

ልጄ፣ ሌሎቹን አማራጮች ባለመሞከርሽ ጥሩ አደረግሽ። ሞተርሽ ጤነኛ ነው። ቁጥር ስለጻፍሽም አመሰግንሻለሁ፤ ብዙ ሰው ይንቀጠቀጣል፣ አይሠራም ብሎ ይተወዋል። የአንቺ 610 እና 200 ግን በሽታውን በስሙ ጠርተውታል።

ባለ ካርቦን ሞተር ታውቂያለሽ። ሮተሩ በዞረ ቁጥር ካርቦኑና ኮሚውቴተሩ ከረንቱን ከአንዱ ጥቅል ወደ ሌላው ያሸጋግራሉ፤ ማንም ሳያዛቸው፣ በመነካካት ብቻ። ብሩሽለስ ሞተር ላይ ማግኔቱ ሮተሩ ላይ ነው፣ ጥቅሉ ስታተሩ (የማይዞረው ክፍል) ላይ። ሽግግሩን የሚሠራው መቆጣጠሪያው ነው። መቆጣጠሪያው ግን ማግኔቱን አያየውም፤ የኢንኮደሩን ቆጠራ ይዞ ማግኔቱ አሁን እዚህ ደርሷል ብሎ ያሰላል እንጂ። ፍየል በቅጠል የሚስብ ልጅ አይተሽ ታውቂያለሽ? ቅጠሉን ሁልጊዜ ከአፏ እኩል ርቀት አስቀድሞ ይሄዳል። መቆጣጠሪያውም መግነጢሳዊ መስኩን ከሮተሩ 90 ኤሌክትሪካዊ ዲግሪ አስቀድሞ መምራት አለበት። በዚያ ርቀት ላይ ነው ሞተሩ ሙሉ ኃይሉን የሚሰጠው። ቅጠሉ ከቦታው ከተሳሳተ ኃይሉ በስህተቱ ኮሳይን ልክ ይቀንሳል፤ ስህተቱ 90 ዲግሪ ሲደርስ ኃይሉ ዜሮ ነው።

አሁን ወደ ሳጥንሽ። 8 ፖል ማለት አራት የሰሜንና አራት የደቡብ ማግኔት፣ ማለትም 4 ጥንድ ነው። ዘንጉ አንድ ዙር ሲዞር ኤሌክትሪኩ 4 ዙር ይዞራል፤ 10000 ለ4 ሲካፈል አንድ ኤሌክትሪካዊ ዙር 2500 ቆጠራ ይሆናል። መመሪያውን ክፈቺና እዪ፤ ሳጥኑ የሚጠይቅሽ ፖል ነው ወይስ የፖል ጥንድ? ጥንድ እንደሚሆን አልጠራጠርም። አንቺ 8 ስላልሽው በየ1250 ቆጠራው አንድ ዙር የተጨረሰ ይመስለዋል፤ ቅጠሉን ይዞ በእጥፍ ፍጥነት ይሮጣል።

ሮተሩ 90 ኤሌክትሪካዊ ዲግሪ ሲሄድ መቆጣጠሪያው 180 ሄዷል ብሎ ያምናል። ስህተቱ 90፣ ኃይሉ ዜሮ። በአንቺ ሞተር 90 ኤሌክትሪካዊ ዲግሪ ስንት ቆጠራ ነው? 2500 ለ4፣ 625። አንቺ 610 ላይ ቆመ አልሽ፤ የጎደሉት 15 ሰበቃው የበላቸው ናቸው። ወደ ኋላም እንደዚሁ።

ሁለት ሽቦ ስታቀያይሪ ደግሞ መቆጣጠሪያው በእጥፍ ፍጥነት በተቃራኒው አቅጣጫ መሄድ ጀመረ። ስህተቱ ሮተሩ ከሄደው ሦስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው፤ ስለዚህ ሮተሩ 30 ዲግሪ ብቻ ሄዶ 90 ሞላ። 30 ኤሌክትሪካዊ ዲግሪ 208 ቆጠራ ነው። አንቺ 200 አልሽ። የፖሉ ቁጥር ትክክል ሆኖ የሽቦው ቅደም ተከተል ብቻ ቢገለበጥ ኖሮ 312 አካባቢ ነበር የሚቆመው። የሞጆው ወንድማችን ምክር ለሌላ በሽታ መድኃኒት ነው፤ የእርሱ ማሽኖች በዚያ ድነው ይሆናል፣ የአንቺ ግን መጀመሪያ የነበረው የሽቦ አቀማመጥ ትክክል ነበር። ወደ ቦታው መልሺው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሞተሩ ያገለገለ ነው፤ ሰው ፈትቶ የሌላ ሞተር ሮተር ከቶበት ወይም ክዳን ቀይሮበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የተጻፈውን ከማመንሽ በፊት ጥንዱን በእጅሽ ቁጠሪ። ኃይሉን አጥፊ፤ ድራይቩ ውስጥ ያለው ኮንደንሰር ቻርጁን እስኪጨርስ ድራይቩ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ጠብቂ። ሦስቱን ወፍራም ሽቦዎች ከድራይቩ ፍቺ። የ12 ቮልት የመኪና ባትሪና አንድ የመኪና የፊት መብራት አምፑል ፈልጊ። ባትሪውን በቀጥታ እንዳታገናኚ፤ የሞተር ጥቅል ተቃውሞው ትንሽ ስለሆነ ከረንቱ ይበዛበታል። አምፑሉን መሃል አስገቢው፣ እርሱ ይገድብልሻል። ከዚያ ዩንና ቪን ያዢና ዘንጉን በእጅሽ አዙሪ። አንዳንድ ቦታ ላይ ጥርስ ውስጥ እንደገባ ቁልፍ ቀጥ ብሎ ይይዛል፤ ገፋ ስታደርጊው ዘሎ ወደሚቀጥለው ይገባል። በአንድ ዙር ስንት ጊዜ እንደያዘ ቁጠሪ። ያ ቁጥር የፖል ጥንዱ ነው፤ ወረቀትም ሆነ ሻጭ አያስፈልግሽም።


በር ቀራጭ (አዳማ)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳሉት መመሪያውን ስከፍት የፖል ጥንድ ነው የሚለው፤ ሳጥኑ ላይ በምህጻር ስለተጻፈ አላስተዋልሁትም ነበር።

ሙከራውን አጎቴ ባለበት አደረግሁት። ባትሪውን ከጎረቤት ባጃጅ ተውሰን ነው። አምፑሉ ፈዘዝ ብሎ በራ፣ ዘንጉም በእጄ ውስጥ ጠነከረ። ነጩን ምልክት እያየሁ አዞርሁት፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ከዚያ ምልክቱ ተመልሶ መጣ። አራት ነው። አጎቴም ራሱ ካልቆጠርሁ ብሎ ሁለት ጊዜ አዞረው።

ሽቦዎቹን መልሼ፣ 4 ሞልቼ አስነሣሁት። 10 ሚሊሜትር ስለው 10 ሚሊሜትር ሄደ። ያን ቀን አንድ ሙሉ በር ቀረጽን።

ደስታዬ ግን ሦስት ቀን ነው የቆየው። እዚህ መብራት ይሄዳል ይመጣል፤ ማሽኑም በእያንዳንዱ ጊዜ ዜሮውን እንደ አዲስ ይፈልጋል። አንዳንድ ጊዜ በደንብ ይነሣል። አንዳንድ ጊዜ ይነሣና ይሠራል፣ ነገር ግን ሞተሩ ይደክማል፤ እኩለ ቀን ላይ እጅ አያስነካም። በቀስታ ባዶውን ስነዳው ስክሪኑ ላይ የማየው ከረንት በደህናው ቀን 1.5 አምፔር ያህል ሲሆን በመጥፎው ቀን 3 ይደርሳል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሆነው ግን አስፈራኝ። መብራት ሲሄድ ቢላው ዋንዛው ውስጥ እንደተተከለ ቀረ። ሲመጣ መጀመሪያ ዜድን ማንሣት ነበረብኝ፤ እኔ ሁሉንም አክሲስ አንድ ላይ አስነሣሁ። ቢላውን ተሸክሞ በሐዲዱ ላይ የሚሄደው ጋንትሪ ያለ ትእዛዝ በሙሉ ፍጥነት ወደ ጫፍ ተወረወረ። ቢላው ተሰበረ፣ ሐረጉ ላይ አንድ ስንዝር የሚሆን ጭረት ቀረ። አጎቴ መላጊያውን ለማንሣት እጁን ከሐዲዱ ላይ ያነሣው ከዚያ አንድ ትንፋሽ ቀደም ብሎ ነበር። በሩ ይጠገናል። የእጁ ነገር ግን እስካሁን እንቅልፍ ይነሣኛል።

ቁጥሮቹ ሁሉ ትክክል ከሆኑ ለምን አንድ ቀን እንዲህ፣ ሌላ ቀን እንዲያ ይሆናል?


ላቦራቶሪ (አዳማ)

እህቴ፣ እንኳን እጃቸው ተረፈ።

ኢንኮደርሽ የሚቆጥረው ለውጥን ብቻ ነው። መብራት ሲሄድ ቆጠራው ይጠፋል፤ ሲመጣ ሮተሩ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ናስትሮ የጠቀለልሽባቸው አምስት ሽቦዎች ግን ያውቃሉ ብዬ አስባለሁ። አምስት ከሆኑ የሆል ሴንሰር ሽቦዎች ሳይሆኑ አይቀሩም፦ ሁለቱ የ5 ቮልት ፕላስና ማይነስ፣ ሦስቱ ምልክት። ስማቸውን ያገኙት በ1879 እ.ኤ.አ. ማግኔት በከረንት ላይ የሚያደርሰውን ይህን ውጤት ካገኘው አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ከኤድዊን ሆል ነው። ሦስቱ ሴንሰሮች በ120 ኤሌክትሪካዊ ዲግሪ ተራርቀው ይቀመጡና ማግኔቱ ሲያልፍባቸው 1 ወይም 0 ይላሉ። መብራት በመጣ በቅጽበት፣ ዘንጉ ሳይነቃነቅ፣ ሮተሩ ኤሌክትሪካዊው ዙር ከሚከፈልባቸው ስድስት ክፍሎች በየትኛው ውስጥ እንዳለ ይነግሩሻል።

እንዲህ ፈትሺያቸው። ቀይና ጥቁሩ ብዙ ጊዜ የ5 ቮልቱ ናቸው፣ ነገር ግን ያገለገለ ሞተር ላይ ቀለምን ብቻ አትመኚ፤ ከረንቱን ወደ 50 ሚሊ አምፔር በሚገድብ ፓወር ሰፕላይ ጀምሪ። ከእያንዳንዱ የምልክት ሽቦ ወደ 5 ቮልት አንድ አንድ ባለ 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አገናኚ፤ አብዛኞቹ የሆል ሴንሰሮች ምልክቱን ወደ ታች መሳብ እንጂ ወደ ላይ መግፋት አይችሉም። ከዚያ ዘንጉን ቀስ ብለሽ እያዞርሽ ሦስቱን በቴስተር አንብቢና ጻፊ። ቅደም ተከተሉ ከ101 ወደ 100፣ 110፣ 010፣ 011፣ 001 እየሄደ ተመልሶ 101 ይገባል፤ ወይም በተቃራኒው። የአንቺ ሞተር 4 ጥንድ ስለሆነ በአንድ ዙር 24 ለውጥ ትቆጥሪያለሽ፣ በየ15 ዲግሪው አንድ።

000 ወይም 111 በጤነኛ ሞተር ላይ ፈጽሞ አይመጡም። ሁልጊዜ 111 ከሆነ ሴንሰሮቹ ኃይል አላገኙም። በስድስቱ መሃል አንድ ጊዜ ብቻ 111 ብቅ ካለ ደግሞ አንዱ የምልክት ሽቦ ተበጥሷል፤ ሬዚስተሩ ወደ ላይ ስቦት 1 ላይ ቀርቷል ማለት ነው።

አንድ ተጨማሪ ሐሳብ፦ የመቆጣጠሪያውንና የኢንኮደሩን ኃይል ብቻ በትንሽ ዩፒኤስ ላይ አድርጊው። ሞተሩን የሚነዳው ዋናው ኃይል ቢጠፋም ቆጠራው እስካልጠፋ ድረስ መቆጣጠሪያው የሮተሩን ቦታ አይረሳም። ኮምፒውተር የሚይዝ ተራ ዩፒኤስ ይበቃዋል። የሆሉን ሥራ ግን አይተካም፤ የዩፒኤሱ ባትሪም አንድ ቀን ያልቃል።


የስፌት ማሽን ጠጋኝ (ሐዋሳ)

ልጄ፣ ስለ አጎትሽ እጅ ሳነብ ስልኩን አስቀምጬ ትንሽ ተቀመጥሁ። ከሁሉ በፊት ዛሬ ይህን አድርጊ፦ ትእዛዙና እውነተኛው ቦታ ከተወሰነ ርቀት በላይ ሲለያዩ መቆጣጠሪያው ኃይሉን እንዲቆርጥ የሚያደርገውን ገደብ አጥብቢው፤ 2 ሚሊሜትር በቂ ነው። ማሽኑ በሚነሣባቸው የመጀመሪያ ሰከንዶች የከረንቱን ጣሪያ ዝቅ አድርጊ። የጫፍ ማቆሚያ ስዊቾቹ በሶፍትዌር ብቻ ሳይሆን በሽቦ ድራይቩን የሚያጠፉ ይሁኑ። ይህ እስኪያልቅ ማንም ሐዲዱ አጠገብ አይቁም።

አሁን ምክንያቱ። ከረንት ልኮ ሮተሩን በመያዝ ዜሮ መፈለግ የሚሠራው ሮተሩ እንደልቡ መዞር ሲችል ነው። የአንቺ ሞተር ቦል ስክሩንና ጋንትሪውን ተሸክሞ ነው የሚፈልገው። ሰበቃው ከመያዣው ኃይል ግማሹን ከበላ ሮተሩ ከእውነተኛው ቦታ 30 ዲግሪ ቀርቶ ይቆማል፤ መቆጣጠሪያው ግን ደርሷል ብሎ ይመዘግባል። የከረንትሽ መለዋወጥ የመጣው ከዚህ ነው። 30 ዲግሪ ብትስቺ ኃይሉ ወደ 87 በመቶ ይወርዳል፣ ላታውቂው ትችያለሽ። 60 ብትስቺ ግማሽ ይሆናል፤ ያንኑ ሥራ ለመሥራት እጥፍ ከረንት፣ አራት እጥፍ ሙቀት። በመጥፎው ቀን 1.5 የነበረው 3 ሆነ አልሽ፤ ስለዚህ 60 አካባቢ ስተሻል። ከ90 ካለፍሽ ደግሞ ኃይሉ ይገለበጣል። ወደ ግራ ሂድ ስትይው ወደ ቀኝ ይገፋል፣ ስህተቱን ሊያርም በገፋ ቁጥር ስህተቱ ያድጋል። ሐሙስ የሆነው ይህ ነው። ሮተሩ ዜሮ ሲፈለግ በትክክል በተቃራኒው፣ 180 ዲግሪ ላይ ቆሞ ከተገኘ የሚስበው ኃይል በሁለቱም በኩል እኩል ስለሚሆን ጨርሶ ላይነቃነቅ ይችላል። ሰበቃ ካለ ደግሞ በዚያ አካባቢ ያለው ሁሉ እንደዚያው ነው።

እንግዲህ እንዲህ እናድርግ። ካፕሊንጉን ፍቺና ሞተሩን ከስክሩ ለዪው። ዘንጉ ባዶውን ይሁን። ዜሮ መፈለጊያውን ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ወደ 4 አምፔር አሳድጊ። አንድ ጊዜ አስይዘሽ አትመኚው፤ በሁለት እርምጃ አድርጊው። መጀመሪያ አንድ ማዕዘን ላይ ያስይዝ፣ ከዚያ መስኩን 90 ኤሌክትሪካዊ ዲግሪ ያሻግር። ቆጠራው ወደ ፊት 625 ከሄደ የፖል ጥንዱም፣ የኢንኮደሩ አቅጣጫም፣ የሽቦው ቅደም ተከተልም በአንድ ጊዜ ተረጋገጡ። ወደ ኋላ 625 ከሄደ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ካልተነቃነቀ ወይም ሌላ ቁጥር ካመጣ አትቀጥዪ።

ከዚያ ኢንኮደሩ በአንድ ዙር አንድ ጊዜ የሚሰጠው የኢንዴክስ ምልክት አለ። በተገኘው ዜሮና በኢንዴክሱ መካከል ያለው ርቀት የሞተርሽ ቋሚ ቁጥር ነው፤ ኢንኮደሩ ከዘንጉ እስካልተፈታ ድረስ ለዘላለም አይለወጥም። ኦፍሴት በሚለው ቦታ አስቀምጪው፣ በወረቀትም ጽፈሽ የሞተሩ ክዳን ላይ ለጥፊው። አንድ ቀን ኩሽኔታ ለመቀየር ኢንኮደሩን ከፈታሽው ግን ወረቀቱን ቀድደሽ ጣዪና ከመጀመሪያው ጀምሪ።

የላቦራቶሪው ልጅ ያለው ሁሉ ትክክል ነው። ሆሎቹ ጤነኛ ከሆኑ ሞተሩ እንደተፈታ መቆጣጠሪያው መስኩን ቀስ አድርጎ አንድ ኤሌክትሪካዊ ዙር አዙሮ ስድስቱን ሁኔታዎች ከየማዕዘናቸው ጋር እንዲመዘግብ አድርጊ። ከዚያ በኋላ መብራት ሲመጣ ሞተሩ በሆሉ ይነሣል። ከክፍሉ መሃል ስለሚጀምር ቢበዛ 30 ዲግሪ ቢስት ነው። ከመጀመሪያው ዙር ሳያልፍ ኢንዴክሱን ሲያገኝ ደግሞ በኦፍሴቱ ይስተካከላል። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ከመመረቁ በፊት ጀምሮ በስፌት ማሽን ሞተር ላይ ነው የኖርሁት። መርፌው ጨርቅ ውስጥ እንዳለ መብራት ይሄዳል፤ ሲመጣ መርፌው ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ አንዲት ጥርስ ብትዘል ክሩ ይበጠሳል፣ መርፌው ይሰበራል። ሆል ላለው ሞተር ሆሉን አለማገናኘት ጥፋት ነው የምለው ከዚያ የተነሣ ነው።

የሆሉን ሽቦ ከወፍራሞቹ የሞተር ሽቦዎች ጋር በአንድ ቱቦ አታስኪጂ። ሁለት ነገር ደግሞ ልጨምር። ሞተር ላይ የሚጻፈው አምፔር ብዙውን ጊዜ እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው። አዳማም ሐዋሳም 1700 ሜትር አካባቢ ናቸው፤ አየሩ ስለሚሳሳ ማቀዝቀዙ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ረጅም ሥራ ላይ 4.2ቱን ሙሉ አትጠቀሚ። ሁለተኛው የዜድ አክሲስሽ ነው። እርሱንም አንድ ቀን መቀየርሽ አይቀርም። እዚያ ላይ ይህን የመያዝ ዘዴ በፍጹም እንዳትጠቀሚ፤ ፍሬኑ ተለቅቆ ዜሮ ሲፈለግ ቢላውን የሚያዞረው ስፒንድል በራሱ ክብደት ይወርዳል። በሆል ወይም ቦታውን በማይረሳ ኢንኮደር ብቻ።


በር ቀራጭ (አዳማ)

ጋሼ፣ ወንድሞቼ፣ የሆነውን ልንገራችሁ።

ገደቡን፣ የከረንቱን ጣሪያና የጫፍ ስዊቾቹን በዚያው ቀን አስተካከልሁ። ቅዳሜ ካፕሊንጉን ፈትቼ ሞተሩን ሞርሳ ላይ በጨርቅ አሰርሁት። አምስቱን ሽቦዎች ከናስትሮው ፈታሁ። ኃይል ሰጥቼ ዘንጉን ሳዞር ያነበብሁት ይህ ነበር፦ 101፣ እንደገና 101፣ 111፣ 011፣ እንደገና 011፣ 001። ላቦራቶሪ እንዳለው በስድስቱ መሃል አንድ ጊዜ 111። ሦስተኛውን የምልክት ሽቦ በጣቴ እየተከተልሁ ስሄድ ከሞተሩ ሁለት ጣት ራቅ ብሎ፣ ወደ ውስጥ ከሚታጠፍበት ላይ፣ ላስቲኩ ደህና ነው፤ ሲዳስሱት ግን ውስጡ ባዶ ነው። መዳቡ ተበጥሶ ላስቲኩ ብቻ ነበር የያዘው። ቆርጬ በየድኩት። ከዚያ በኋላ ስድስቱም በየተራቸው መጡ፤ በአንድ ዙር 24፣ ሦስት ጊዜ ቆጥሬአለሁ።

በሁለት እርምጃ ሳስይዘው ቆጠራው ወደ ፊት 622 ሄደ። ተጠግቼ እያየሁት ነበር፤ ነጩ ምልክት ተነሥቶ ከዙሩ አንድ አሥራ ስድስተኛ ያህል ሄዶ ቀጥ አለ፣ ምንም አልተንቀጠቀጠም። ሆሎቹን አስመዘገብሁ፣ ኦፍሴቱን አስቀመጥሁ፣ ቁጥሩንም ክዳኑ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ሞተሩን መልሼ ገጥሜ፣ ቢላ ሳይኖርበት፣ ጋንትሪውን በየጊዜው የተለያየ ቦታ እያቆምሁ ዋናውን ማብሪያ ሃያ ጊዜ አጠፋሁና አበራሁ። አምስተኛው ላይ አጎቴ መላጊያውን አስቀምጦ መጣና ማብሪያውን እኔ ልያዝ አለኝ። እርሱ ያጠፋል፣ ይቆያል፣ ያበራል፤ እኔ አስነሥቼ 10 ሚሊሜትር ወደ ፊት፣ 10 ወደ ኋላ እሰጠዋለሁ። ሃያውም ጊዜ በትክክል ተነሣ። ባዶውን በቀስታ ሲሄድ ከረንቱ በሃያውም 1.5 አካባቢ ነው። ዛሬ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስንቀርጽ ውለን ሞተሩ ላይ መዳፌን ጭኜ ማቆየት ችያለሁ።

ዩፒኤሱን በደመወዝ ሰሞን እገዛለሁ። የዜዱን ሞተር ስከፍት ከስፒንድሉ ሥር የሚደገፍ የዋንዛ ግንድ አጎቴ ከአሁኑ ቆርጦ አዘጋጅቷል፤ ሆል ይኑረው አይኑረው ሳልፈትሽ አላስነሣውም።